«አንቺ» ይበሏት

«‹አንቺ› ይበሏት» አለችው የሙዚየሙ የለጋሾች ኃላፊ ዳይሬክተሩን፣ መኪናው ወደ ጠባቡ መንገድ ሲታጠፍ። «‹እርስዎ› ካሏት አለቀ። ‹እማማ› ካሏትማ በሩን ራሷ ከፍታ ታስወጣናለች። ሚሚ ብለው ይጥሯት።»

ዳይሬክተሩ ከፊት ወንበር ላይ ዞሮ አያት።

«ሰማንያ ዓመት ያለፋትን ሴት ሚሚ ልበል?»

«አዎ።»

«አንቺም ልበል?»

«አዎ። አንቺ ይበሏት።»

ከኃላፊዋ ጎን የተቀመጡት የሙዚየሙ ቦርድ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል እንዳቆሙ፣ «ደስ የምትል ሴት ትመስላለች» አሉ።

ኃላፊዋ ፈገግ አለች። ከንፈሯን በአንድ በኩል ብቻ ሳብ አደረገችው፤ ሰው ጉድጓድ ሲገባ ለማየት የቸኮለ ሰው የሚያመልጠው ዓይነት ፈገግታ። ዳይሬክተሩ አየው። እንዲያየው ነበር ያሳየችው። ወደ ፊቱ ዞሮ ሾፌሩን፣ «ሰማህ ወንድሜ? ባለጌ አድርጋ ልታስጠራኝ እኮ ነው» አለው። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

የነገረችው ግን እውነት ነበር። አንዲት ቃል ሐሰት የለበትም። ስታውጠነጥን የከረመችውም ይህንኑ ነው፤ እውነቱን ምስክር ባለበት ልትነግረው፣ እሱም እንዳያምናት ልታደርግ።

የሥራ መደቧ ስም ረጅም ነው፤ የገቢ ማሰባሰብና የለጋሾች ግንኙነት ኃላፊ። በሯ ላይ ያለው ሰሌዳ ስላልበቃው «ኃላፊ» የምትለው ቃል ብቻዋን ወደ ሁለተኛው መስመር ወርዳለች። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ያለውን ሰው ማግኘት፣ እንዲሰጥ ማድረግ፣ ከሰጠ በኋላ እንዳይቆጨው መጠበቅ። ይህ የመጨረሻው ነው ወገብ የሚቆርጠው። ሲሚንቶ ነጋዴው ስሙ የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ወደ መጸዳጃ ቤት ከሚያመለክተው ቀስት በታች መሰቀሉን አይቶ ዓመት ሙሉ አኩርፏል። ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች አንድ ክፍል በጋራ ካሠሩ በኋላ ስለተጣሉ፣ በምረቃው ዕለት በመካከላቸው ከንቲባውን እንደ አጥር ማስቀመጥ ነበረባት። ሚስታቸው እንዳትሰማ ስማችን አይጠራ የሚሉ ለጋሾች አሉ። የቀድሞ ሚስታቸው እንድትሰማ ሁለት ጊዜ ይጠራልን የሚሉም አሉ። ማን የሞተ ልጁ ስም ሲነሣለት እንደሚወድ፣ ማን እንደማይወድ፣ ማን በማዕረጉ፣ ማን በቁልምጫ እንደሚጠራ፣ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ትዞራለች።

ዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል፤ ልመና።

መጀመሪያ ቃሉን የሚጥለው በስብሰባ ላይ ነበር። «እስቲ ልመናው እንዴት ነው?» ይላል፤ ሰዉም ፈገግ ይላል፤ እሷም ፈገግ ትላለች። በኋላ ቃሉ ከስብሰባ ወጥቶ ኮሪደር ገባ። ጥበቃዎቹ እንኳ እርስ በርስ፣ «ለማኟ ገብታለች?» መባባል ጀመሩ። ክፋት የላቸውም። አንዱ እንዲያውም ፊት ለፊት ሰላምታ ሲሰጣት ምላሱን አዳልጦት ነበርና አንድ ሳምንት ሙሉ ባየችው ቁጥር መሬት መሬት ያይ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ችላው ነበር። የቢሮ ነገር ነው፤ በቢሮ ይቀራል ብላ።

ከዚያ በዓመታዊው የለጋሾች ምሽት አባቷን ይዛ መጣች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው እጅ ሳያዩ የኖሩ፣ ጎረቤት ጨው ቢያበድራቸው በማግሥቱ ጠዋት በሳህን ሞልተው የሚመልሱ ሰው። በራሳቸው መቀስ የቆረጡትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። እሷ ናት ከፊት ያስቀመጠቻቸው። በዚያ አዳራሽ ማን የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ነበረችና፣ ለአንድ ቀን ሥልጣኗን ለራሷ ተጠቀመችበት።

ዳይሬክተሩ ድምፅ ማጉያውን ያዘና፣ «አሁን ደግሞ የቤታችንን ለማኝ ላስተዋውቃችሁ!» አለ። «እጇን ስትዘረጋ ባዶውን የመለሰላት ሰው እስካሁን አልተገኘም! እስቲ ተነሺ፣ ይዩሽ!»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሆዱ የሞላ፣ ብርጭቆው የሞላ ሰው ሳቅ። ብድግ ብላ እጅ ነሣች። ቀና ስትል ያየችው የአባቷን ፊት ነው። አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። የኮታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ እየቆለፉ ነበር፤ የሚሄድ ሰው እንደሚቆልፈው።

ታክሲ ውስጥ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሥራሽ ይኸው ነው?»

«አይደለም አባዬ። ቀልዱን ነው።»

«ሰዉ ግን ገባው» አሉ።

አባቷ ያንን ዓመት አልጨረሱም። በመጨረሻዎቹ ወራት መድኃኒት ገዝታ ስትገባ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «በደሞዝሽ ነው?» ይሏታል። «በደሞዜ ነው አባዬ።» «ደረሰኙን አሳዪኝ እስቲ።» መነጽራቸውን አድርገው ያዩታል። አይተው ሲያበቁ ነው ክኒኑን የሚውጡት። አንድ ቀን ደረሰኙን ፋርማሲ ረስታው መጣች። መድኃኒቱን ሳይወስዱ አደሩ።

ዳይሬክተሩ ለቀብር መጥቷል። እጇን ጨብጦ፣ «ጎበዝ አባት ነበሩ አሉ» አላት። ፊታቸውን አላስታወሰውም። የተናገረውን ቃልማ ከዚያው ምሽት ሳያልፍ ረስቶታል። እሷን ያንገበገባት ከስድቡ ይልቅ ይህ ነው። የረሳ ሰው በምን ይቀጣል?

መልሱን ያገኘችው ሚሚ ቤት ነው።

ሚሚ የአንድ ሟች ፎቶ አንሺ ሚስት ናት። ባልና ሚስቱ በዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበራቸው። እሱ ያነሣል፤ እሷ ፎቶው የሚታተምበትን ኔጌቲቭ ብርሃን ላይ አድርጋ በቀጭን እርሳስ ታርማለች። የሙሽራ ብጉር፣ የሹም ድርብ አገጭ፣ ሲጠጣ ያደረ ሰው ዓይን ሥር የሚታየው ጥላ፣ ሁሉም የጠፋው በእሷ እርሳስ ነው። ሠርግ፣ ምረቃ፣ የመታወቂያ ጉርድ፣ ልጇን የታቀፈች እናት፣ ከመርከብ የወረደ ወታደር፣ በዚያች ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ በመስታወትና በፊልም ተቀርጾ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ በመደርደሪያ እስከ ጣራ ተደርድሯል። ሙዚየሙ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮት አያውቅም።

ኃላፊዋ መጀመሪያ የሄደች ቀን፣ «እርስዎ» ብላ ነበር የጀመረችው። ሚሚ እጇን አንሥታ አስቆመቻት።

«ባሌ ሲሞት» አለቻት፣ «ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ገና በሩ ላይ ‹እርስዎ› አለኝ። ጠዋት አንቺ ነበርኩ፤ ማታ እርስዎ ሆንኩ። በአንድ ቀን አስረጁኝ። የዕድሜ ልክ ጓደኞቼ እንኳ! እህል ውሃ አብረን የጨረስን! ባል የሞተባት ሴት ትከበራለች ተብሎ መሰለኝ። መከበሩ ይቅርብኝ። ያ ቃል ሲገባ ቤቱ ባዶ መሆኑ ትዝ ይለኛል። እዚህ ቤት የሚገባ አንቺ ይለኛል፤ ያልቻለ መንገዱን ያውቀዋል።»

«እሺ ሚሚ» አለች ኃላፊዋ። «በቃ አንቺ ነሽ።»

«ጎሽ! ቁጭ በዪ።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድ ጀመር። ሥራ ነበር፤ ቀስ እያለ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ኔጌቲቩን ብርሃን ላይ እያደረጉ ሁለቱ በሰው አፍንጫ ይስቃሉ። «ይሄንን እይ፤ የጉምሩክ ሹም ነው። ቦርጩን አጥፊልኝ ብሎ ለምኖኝ፣ ቦርጩን ሳጠፋው ቀበቶው አየር ላይ ቀረ!» ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ሚሚ ራሷ፣ «ውሰዱት» አለች። «አፈር ከሚበላው ሰው ይየው።» ሙዚየሙ በዚህ ቃል ብቻ አሮጌውን የምሥራቅ አዳራሽ አደሰ። ሲሚንቶ ነጋዴውም ኩርፊያውን ትቶ ጣራውን አሠራ። የቀረው ፊርማ ነው።

ይኼኔ ዳይሬክተሩ መጣ። የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ቦርዱ ያድስለት ወይም አያድስለት ገና አልወሰነም። የፎቶ ስብስቡን በእጁ አስፈርሞ ቢያስገባ ማን ይነቀንቀዋል?

«አንቺ ለምነሻል» አላት ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ። «የምቀበለው እኔ ነኝ። ሰብሳቢውም አብረውኝ ይመጣሉ። አንቺም ብትመጪ ግድ የለም፤ ቤቱን ታሳዪናለሽ።»

«እሺ» አለች።

ሲወጣ ወንበሯ ላይ ተደግፋ ቆየች። ይህን ሰው ከራሱ በላይ ታውቀዋለች። እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ የነገረችውን አድርጎ አያውቅም። ሲሚንቶ ነጋዴው ረጅም ንግግር አይወድም ስትለው፣ እኔን አሳጥራ ራሷ ልትናገር ነው ብሎ የሰውዬው የደም ግፊት ክኒን ሰዓት እስኪያልፍ ተናገረ። ኮሎኔሉን ስለ ጦርነቱ አይጠይቋቸው ስትለው፣ ገና ሾርባው ሳይቀርብ ጠየቀ። ሰው ሲያሳስት የኖረ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ሊያሳስተው የተነሣ ይመስለዋል። እንግዲያውስ እንዲህ ያለውን ሰው ማሳሳት አያስፈልግም። እውነቱን መንገርና ትንሽ ፈገግ ማለት ይበቃል።

ማታ ለታናሽ እህቷ ነገረቻት። አብረው ነው የሚኖሩት። እህቷ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

«እውነቱን ነው የምነግረው» አለች ኃላፊዋ።

«እሱ ደግሞ አያምንሽም።»

«አያምነኝም። ዳኛው ይሰማሉ። ሚሚ ታባርረዋለች። ዳኛው ያያሉ። ማን አጠፋ ቢባል እኔ የለሁበትም።»

«ፎቶዎቹስ?»

«በማግሥቱ እኔ ሄጄ አስፈርማታለሁ። እኔን ትወደኛለች።»

እህቷ ካውያውን አቆመች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬውንም ልትመቺ፣ ፎቶውንም ልትወስጂ? ሁለቱንም በአንድ ጉርሻ? አያንቅሽም?»

«አላምጬው ነው የምውጠው። ስንት ጊዜዬ ነው ሳላምጠው?»

«አባዬ ቢኖር ምን ይልሽ ነበር?»

«እሱማ ቢኖር ነበር» አለች። እህቷም ወደ ሸሚዙ ተመለሰች።

እንግዲህ መኪናው ሚሚ በር ላይ ቆመ።

የሚሚ ሳሎን የቀድሞው ፎቶ መነሻ ክፍል ነው። ከግድግዳው ላይ የተሳለ ሸራ ተዘርግቷል፤ አበባ የሞላበት አትክልት ቦታና ወደ የትም የማይወስድ የእብነ በረድ ደረጃ። ከሸራው ፊት ደንበኞች ይቀመጡባት የነበረች አንዲት ወንበር አለች። ሚሚ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ በሩ ድረስ መጣች። የሚፈረመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስክሪብቶው ተከፍቶ ተቀምጧል።

ዳይሬክተሩ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው?»

ሚሚ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። «ማንን ነው?»

«እርስዎን ነው እንጂ እማማ።»

«እዚህ ቤት እማማ የለችም። እኔ አልወለድኩም፤ ብወልድም አንተን አልወልድም።»

ዳኛው ነገሩ ገባቸውና ቶሎ ጣልቃ ገቡ። «ሚሚ፣ እንዴት ነሽ?» አሉ። አፋቸው ላይ ከብዷቸው ላብ ላብ አላቸው።

«ደህና ነኝ። አንተ ደስ የምትል ሽማግሌ ነህ፤ ግባ።»

ዳኛው እንደ ተማሪ ልጅ ደስ አላቸው። ዳይሬክተሩ ደግሞ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ኃላፊዋን አየ። ፊቱ ላይ የሚነበበው ግልጽ ነበር፤ ተማክረውብኛል። በዚያች ሰዓት «ሚሚ» ቢል ያልቅ ነበር። ሚሚ ትስቅ ነበር፤ ትፈርምም ነበር። ኃላፊዋ ይህን እያወቀች ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። እሱ ግን ደረቱን ነፋ።

«እኔ በአስተዳደጌ ትልቅ ሰው አላዋርድም» አለ። «ይምጡ፣ እጅዎን ይስጡኝ። ልደግፍዎት። እዚህ ጋ ይቀመጡ።» ክርኗን ያዘ።

«ስንት ሆኜ ነው የታየሁህ?» አለች ሚሚ። «ይምጡ፣ ይስጡ፣ ይቀመጡ! ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«የእርስዎን ዕድሜ ማክበር ለእኛ...»

«ልቀቀኝ።»

ለቀቃት። ሚሚ ክርኗን እያሻሸች ወደ ኃላፊዋ ዞረች።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ዳይሬክተራችን ናቸው።»

«ናቸው? እሱም ብዙ ነው?»

ዳኛው ሳቅ አመለጣቸው። በመሐረብ ሊያፍኑት ሞከሩ፤ ከመሐረቡ ዳር እየሾለከ ወጣ። ኃላፊዋ ያንን ሳቅ ጠጣችው። የአንድ አዳራሽ ሳቅ አልነበረም፤ የአንድ ሽማግሌ ሳቅ ነው። ግን የቦርዱ ሰብሳቢ ሳቅ ነው፤ የተሳቀበትም ሰው ቆሞ እየሰማው ነው። ኮቱን ሲቆላልፍ አየችው። በደንብ አየችው።

«ይቺ ናት!» አለ ዳይሬክተሩ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ። «ሆን ብላ ነው ያሳሳተችኝ!»

«ኧረ ተው» አሉ ዳኛው። «እኔ ጆሮ አለኝ። ‹አንቺ ይበሏት› ብላ መኪና ውስጥ ደጋግማ ነግራሃለች። የተሳለቅከው አንተ ነህ።»

«ስትነግረኝ ፈገግ ብላለች!»

እንደ ሕፃን ክስ ሆኖ ወጣ። እሱም ራሱ ሰማው።

«ፈገግታ በየትኛው አንቀጽ ነው የሚያስቀጣው?» አሉ ዳኛው፤ አሁን በግልጽ እየሳቁ።

ሚሚ ግን አልሳቀችም። ኃላፊዋን ትክ ብላ እያየቻት ነበር። ከዚያ ከሸራው ፊት ያለችውን ወንበር አሳየቻት።

«እስቲ እዚህ ተቀመጪ።»

«ሚሚ...»

«ተቀመጪ። ፊትሽን ወደ መስኮቱ።»

ተቀመጠች። ሚሚ አገጯን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«መኪና ውስጥ ያልሽውን ፈገግ በዪ።»

አላለችም። ማለትም አላስፈለገም። ከንፈሯ ጥግ ላይ ከሳቁ የተረፈ ነገር ነበር፤ ልታጠፋው ጊዜ አላገኘችም።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለች ሚሚ፣ በትንሽ ጣቷ የከንፈሯን ግራ ጥግ ነክታ። «ስንት ሰው ላይ አጥፍቻታለሁ። ሙሽራዋ እህቷን ስታስቀናት፣ ወንድም ወንድሙን በውርስ ሲረታው፣ ሁልጊዜ እዚህችው ጋ ናት። ለማጥፋት አስቸጋሪ ናት፤ አፉን ታበላሻለች።» እጇን አነሣች። «ታውቂያለሽ ማለት ነው። እንደማያምንሽ እያወቅሽ አመጣሽው።»

ኃላፊዋ ከወንበሯ ተነሣች።

«ዛሬ አልፈርምም» አለች ሚሚ። «ሂዱልኝ። አንተ ሽማግሌው ግን ሌላ ቀን ተመለስ።»

ተመለሱ። ሙዚየሙ በር ላይ ዳኛው ሲወርዱ፣ «ቦርዱን እጠራለሁ» አሉ ለዳይሬክተሩ። «አንተ» አላሉትም፤ «እርስዎ» አሉት። «እርስዎም ቢዘጋጁ ጥሩ ነው።» ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ገባው።

ያን ማታ ኃላፊዋ በወጉ እራት በላች። የዳይሬክተሩን ድምፅ እያስመሰለች፣ «ይምጡ፣ ይስጡ፣ ይቀመጡ!» ስትል እህቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሁለተኛ ጊዜ አስደገመቻት። ሦስተኛው ላይ ሳቋን አቆመችና፣ «ፎቶዎቹስ?» አለቻት።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ ሄደች። እንደ ወትሮው በጓሮው በር አንኳኳች። ሚሚ ከፈተች፤ ከንፈሯን አልተቀባችም።

«ምን ልርዳዎት?» አለቻት።

«ሚሚ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ። ይግቡ።»

እግሯ ደፉ ላይ ቀረ። ሰው በጥፊ ሲመታ ጆሮው ጭው እንደሚለው ጭው አለባት።

«እንደዚህ አትበዪኝ እባክሽ።»

«ምን አልኩ? አከበርኩዎት እንጂ። ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። የመጣችው ልትናገረው ያሰበችውን አሰናድታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። ስለዚህ አባቷን ነገረቻት። ጥቁሩን ሱፍ፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ሳቁን፣ የመድኃኒቱን ደረሰኝ። አላለቀሰችም። ሚሚ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ይገባዋል» አለች ሚሚ። «ከዚያም የባሰ ይገባዋል። ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ አብሬዎት አባርረው ነበር፤ ቀልድም እጨምርበት ነበር። ወዳጅ እንደዚያ ነው። እርስዎ ግን ሰው ሊመቱ ዱላ ፈለጉ፤ እኔን አነሡ። ያ ቃል የት እንደሚያመኝ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነበር። ያ ሰው ቃሉን በመኪና ጭኖ እቤቴ አመጣልኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታው ቀላል ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ነገሩ እንደገና ቢሆን፣ ያ ሰውዬ ከፊት ወንበር ዞሮ ቢያይዎት፣ ፈገግ ይሉ ነበር?»

ወረቀቱ ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ነበር። እስክሪብቶው አጠገቡ ነው። ኃላፊዋ ሥራዋን ታውቃለች። ሰጪ ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ፤ አንሥቶ ማቀበል ነው። «አልልም ነበር» ብትል ሚሚ ታምናትም ነበር፤ ማመን ትፈልጋለች፤ ዓይኗ ላይ ያስታውቃል። ከመጋረጃው ባሻገር መደርደሪያዎቹ እስከ ጣራ ይታያሉ። የስንት ዓመት ቅዳሜዋ ነው። የምሥራቁ አዳራሽ ጣራ ነው። አንዲት ቃል ናት።

ዳይሬክተሩን አሰበችው። የሚሚን ክርን የያዘበትን እጁን፣ ከዚያ የለቀቀበትን፣ የዳኛውን መሐረብ፣ ኮቱን ሲቆላልፍ የሆነውን ፊት።

«እል ነበር» አለች።

ሚሚ ራሷን ነቀነቀች።

«እውነቱን ነው የተናገሩት» አለች። «መኪና ውስጥም የተናገሩት እውነቱን ነው።» ብድግ ብላ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ለአራት አጠፈችው። «በሩን ሲወጡ ሳብ ያድርጉት፤ ብርድ ይገባል።»

ቦርዱ በዚያው ወር ተሰብስቦ የዳይሬክተሩን የሥራ ዘመን ሳያድስ ተነሣ። ሚሚ ስብስቡን ከነመደርደሪያው ለሌላ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሰጠች፤ ሁለት የጭነት መኪና መጥቶ ወሰደው።